ቀና አልል ያለችው እንዝርት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ግፍ የማይችል ልቡን ይያዝ።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ተራራ ሆድ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ነበር። በድንጋዩ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እንዝርቶች በረድፍ ቆመው፣ በያሉበት ይሾሩ ነበር። ሕጋቸው ሁለት ነው። አንዱ «ጎረቤትህን ምሰል» ይላል። ሌላው «ከጎረቤትህ ጥቂት ዘንበል በል» ይላል። ሁለቱን አስታርቀው፣ ትንሽ ትንሽ እየተዘነባበሉ፣ እንደ ጠመዝማዛ ሐረግ ተያይዘው በሰላም ኖሩ።

አንድ ቀን ጉልበተኛው ማግኔት መጥቶ ተራራው አናት ላይ ተቀመጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤት የሚባል የለም! ሁላችሁም ራሳችሁን ወደ እኔ ቀና አድርጉ!» አለ።

እንዝርቶቹ ፈሩ። ረድፍ በረድፍ ቀና አሉ። ዙሪያሽ የምትባል እንዝርት ግን ራሷን ቁልቁል ደፍታ ቀረች። አጠገቧ ያሉት እሷን እያዩ ወደ ጎን ተጋደሙ፤ ከእነሱ ወዲያ ያሉት ጥቂት ዘንበል አሉ። እንዲህ እያሉ ክብ ሠርተው ከበቧት።

«አንቺ! ቀና በይ!»

«ለምን ሲባል? አንተ ትናንት መጣህ፤ እኛ ከተራራው ጋር ተወለድን። ጎረቤቴን ትቼ አንተን ልይ?»

ማግኔት ሳበ። ክቧ ጠበበች እንጂ አልተፈታችም።

ቢቸግረው በድንጋዩ ስንጥቅ የሚኖረውን ሽኮኮ ላከ።

«እትዬ ዙሪያሽ፣ ለጊዜው ቀና ብትዪ ምን ይጎድልብሻል?»

«ጎረቤቶቼ ይጎድሉብኛል! በእኛ ድንጋይ ተጠልለህ ለእሱ ትላላካለህ? አታፍርም?»

ሽኮኮ አፍሮ ተመለሰ።

ማግኔት በመጨረሻ መብረቅን ጠራ። «አንዲት እምቢተኛ አለች፤ ገፍተህ አስተካክልልኝ!»

መብረቅ በድንጋዩ ውስጥ እንደ ጎርፍ አለፈ። ዙሪያሽ ተገለበጠች፤ ራሷም ቀና አለ።

«አበቃላት!» ብሎ ማግኔት ሳቀ።

«ማን አበቃ አለህ?» አለ ከጎኗ አንድ ድምፅ። ጎረቤቷ ደምለው ነበር። ራሱን ደፍቷል፤ የእሱ ጎረቤቶችም ከበውታል። «እሷን ብታቀናት እኔ አለሁ!»

መብረቅ ደግሞ ገፋ። ደምለው ቀና ሲል ከእሱ ወዲያ ያለችው ጠጅቱ አጎነበሰች። «እኔም አለሁ!» ክቧ ሳትፈታ ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገረች።

መብረቅ ተናደደ። «አንዲት እምቢተኛ ብለህ ጠራኸኝ፤ ይሄ ግን አገር ሙሉ ነው!» ብሎ ጥሎት ሄደ።

ያን ጊዜ ፈርተው የተገተሩት እንዝርቶች ሁሉ «እኛስ ለማን ብለን ነው የተገተርነው?» እያሉ ያጉረመርሙ ጀመር። ማግኔትም ተራራው አናት ላይ ብቻውን ሲጮህ ቀረ።

ብቻውን የቆመ ሲገፉት ይወድቃል፤ ተያይዞ የቆመ ገፊውን ያስንቃል።