ለጊዜው የተፈቱ ወንበሮች

አንድ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነበር። ስሙ ንጋቱ ይባላል። ሱቁ ውስጥ ረጋ ያለ፣ ዋጋ የማያጋንን፣ ከደንበኛ ጋር የማይጨቃጨቅ ሰው ነው። አንዲት ቀይ ዲኤክስ መኪና ነበረችው። በሥራ ቀን ሁለቱን ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስባታል፣ ቅዳሜ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ገበያ ይወጣባታል፣ እሁድ ደግሞ አባቱን አቶ ደምሴን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ዘመድ ይጠይቅባታል።

አቶ ደምሴ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሲነዳ ዝም ብለው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጡና "ሦስተኛ አግባ" ይላሉ። እሱም ያስገባል። አባትና ልጅ ከዚህ የበለጠ ብዙ ወግ አልነበራቸውም፤ ለእነሱ ግን ይበቃቸው ነበር።

በከተማው ዳር አውሮፕላን ካረፈበት ብዙ ዘመን ያለፈው ሜዳ አለ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መኪና ያላቸው ሰዎች እዚያ ይሽቀዳደማሉ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ባለ ወፍጮው፣ ሁሉም ይመጣል። ሽልማቱ አንድ ዋንጫ ነው። በዚህ ውድድር የከበረም፣ እንጀራ የበላበትም ሰው የለም። ንጋቱን አንድ ዓመት ጓደኛው ጎትቶ አስገባውና ሁለተኛ ወጣ። መጨረሻ ወጥቶ ቢሆን ስቆ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፣ እኔም የማወራው ባልኖረኝ። ሁለተኛ መውጣት ግን እንቅልፍ ነሳው።

ብር ወጣ፣ ብዙም ወጣ። እሱን እንተወው፤ ነጋዴ ያጣውን ብር አንድ ቀን መልሶ ያገኘዋል። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ወጪ ነው።

መካኒኩ ፍስሐ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና "ሞተርህ ምንም አልሆነም። የያዘህ ክብደት ነው። የማያስፈልግህን አውርድ" አለው። ምክሩ ለመኪና ትክክል ነው፣ ፍስሐን የሚወቅሰው የለም። ችግሩ ንጋቱ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ውስጥ የሚያየው ነገር ሁሉ ክብደት ሆኖ መታየቱ ነው።

መጀመሪያ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ወረዱ። ምንጣፉ ተነሣ፣ ቴፑ ተነቀለ። ቀጥሎ የኋላው ወንበር ተፈታ።

"ልጆቹስ?" አለች አስካለ።

"ለጊዜው ነው። እስከ ውድድሩ በባጃጅ ይሂዱ።"

ውድድሩ መጣ፣ ንጋቱ አሁንም ሁለተኛ ወጣ። ወንበሩ ወደ ቦታው አልተመለሰም። "ለጊዜው" የምትለው ቃል እንዲህ ናት፤ አንዴ ቤት ከገባች የምትወጣበትን ቀን የሚጠይቃት የለም።

በዚህ መሐል የአቶ ደምሴ ዓይን መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ብርሃናቸው እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የሄደውም እንደማይመለስ ነገራቸው። ሰውዬው ማልቀስ አያውቁበትም። ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር ብቻ ለመኑት።

"ዓይኔ ሳይዘጋ አዋሽን ልየው። ድልድዩ አጠገብ አቁመህ ትንሽ ብንቀመጥ ይበቃኛል። ጉልበቴ ያለቀው በዚያ መንገድ ነው።"

"እወስድዎታለሁ አባባ። ይህ ውድድር ብቻ ይለፍ።"

ከልቡ ነው ያለው። ንጋቱ ውሸታም አልነበረም። ዛሬ ነገ የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ውሸታሞች አይደሉም።

የሚቀጥለው ዓመት ውድድር አንድ ወር ሲቀረው ንጋቱ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ የፊተኛውን ወንበር ቡሎኖች መፍታት ጀመረ። አባቱ የቁልፉን ድምፅ ሰምተው በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ።

"ምን እየፈታህ ነው?"

"ወንበሩን ነው አባባ። ለጊዜው ነው።"

"ስንት ይመዝናል?"

"አሥራ ምናምን ኪሎ ይሆናል።"

"እኔ ሳልቀመጥበት?"

"አዎ።"

አቶ ደምሴ "እንግዲያ ከወንበሩ ይልቅ የከበድኩህ እኔ ነኛ" አሉና ወደ ቤት ተመለሱ። ንጋቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

አስካለ ወንበሮቹ አቧራ ሲጠጡ አላስችላት አለ። ጠርጋ፣ አጥባ በረንዳው ላይ ደረደረቻቸው። የፊተኛው ከፊት፣ የኋላው ከኋላ። አያትየው ከፊት ተቀመጡ፣ ልጆቹ ከኋላ። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ ረድኤት "አያቴ፣ ወዴት እንሂድ?" አለቻቸው። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሌለውን ማርሽ አስገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው ጉዞ ሆነ። ዳገቱን በሁለተኛ ይወጣሉ፣ ቁልቁለቱን በሞተር ይዘው ይወርዳሉ፣ ሞጆ ላይ ሻይ ይጠጣሉ፣ መተሐራ ላይ ሙቀቱ ሲነሣ መስኮት ይከፍታሉ። አስካለም ሥራዋን ስትጨርስ ከልጆቹ ጎን ትሳፈራለች። ንጋቱ ይህን ሁሉ አላየም፤ ማታ ማታ ልምምድ ላይ ነበር።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ቤተሰቡ አልመጣም፣ የሚመጣበት ወንበር የለማ። ንጋቱ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበለት፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ፎቶ ተነሣ። ደስታው እውነተኛ ነበር፣ ይህን አልክድበትም። ከዚያ ዋንጫውን አጠገቡ አስቀምጦ ወደ ቤቱ መንዳት ጀመረ። አጠገቡ ግን ባዶ ብረት ነው። ዋንጫው በየመታጠፊያው እየተንከባለለ፣ አንዴ ከበሩ አንዴ ከማርሹ እየተጋጨ፣ እስከ ቤት ድረስ ሲንቋቋ ሄደ።

ግቢ ሲገባ ሁሉም በረንዳው ላይ ተሳፍረዋል።

"አባዬ፣ ትንሽ ቆይ" አለች ረድኤት፣ "አዋሽ ልንደርስ ነው።"

"እኔንስ አታሳፍሩኝም?"

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። "ቦታ የለም። ያንተ ወንበር መኪናው ውስጥ ነው" አለችው። በክፋት አልነበረም፤ ያየችውን ተናገረች።

ንጋቱ ወደ አባቱ ቀረበና ዋንጫውን ዘረጋላቸው። አቶ ደምሴ እጃቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዘረጉ። አስካለ እጃቸውን ይዛ ወደ ዋንጫው መራችው። ሽማግሌው በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አንሥተውም መዘኑት።

"ቀላል ነው" አሉ። "ይህን ያህል ስትለፋበት ከባድ ይመስለኝ ነበር።"

"አባባ፣ ዓይንዎ..."

"ባለፈው ሳምንት ተዘጋ። ልነግርህ ብጠብቅህ ልምምድ ላይ ነህ አሉኝ።"

ንጋቱ ዋንጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። ልጆቹ አባታቸው ሲያለቅስ አይተው ስለማያውቁ ጉዞው ቆመ።

በማግስቱ ወንበሮቹ ተመለሱ። አንድም ቡሎን አልጠፋም፣ ሁሉም በየቀዳዳው ገባ። አዋሽም ሄዱ። በመንገድ ላይ አቶ ደምሴ እንደ ድሮው ሞተሩን እያዳመጡ "ሦስተኛ አግባ" አሉ። ድልድዩ አጠገብ ሲቆሙ ፊታቸውን ወደ ውሃው ድምፅ አዞሩ።

"ሞልቷል?" አሉ።

"ሞልቷል አባባ" አለ ንጋቱ። ሌላም ሊነግራቸው ፈለገ፣ ግን አባቱ በዚያ ወንዝ ውስጥ ምን ማየት ይፈልጉ እንደነበር አያውቅም። ሳይጠይቃቸው ቀርቷል።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ሰው ከሥራው ውጪ የሚወደው ነገር ቢኖረው ነውር የለበትም፤ ሩጫም ይሁን ጨዋታ፣ ሕይወት ያለ እሱ ትደርቃለች። ነገር ግን የምንወደውን ነገር ወጪ ስናስብ ኪሳችንን ብቻ እንመለከታለን። ትልቁ ወጪ ለመፍጠን ብለን ካወረድናቸው ሰዎች ላይ ነው የሚከፈለው። ወንበር ይመለሳል፣ ቡሎንም ይጠብቃል። በዚያ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ዓይን ግን ውድድራችን እስኪያልቅ ቆሞ አይጠብቅም።

እርስዎስ፣ "ለጊዜው ነው" ብለው ፈትተው በረንዳ ላይ ያስቀመጡት የማንን ወንበር ነው?