የእድሩ ድንኳን ምሰሶ

አንድ ትልቅ ፓርቲ ነበር አሉ። ሊቀመንበሩ አርጅቶ ወንበሩን ሲለቅ፣ ቦታውን የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። አንደኛው አቶ ሸዋንግዛው ይባላል፤ ፓርቲው ውስጥ የሸበተ ነባር ሰው ነው። ሁለተኛው ዶክተር ነቢዩ፣ ገና ጎልማሳ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ። የሚመርጡት በዋና ከተማው አዳራሽ የሚሰበሰቡት የፓርቲው ጉባኤተኞች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ድምፅ ያለው ሰው የለም።

ከዚያ አዳራሽ በጣም ርቃ አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች። ከነዋሪዎቿ መካከል ጉባኤተኛ የሆነ አንድም ሰው አልነበረም። የፓርቲው አባል እንኳ ተፈልጎ አይገኝባትም። ታዲያ ውድድሩ በቴሌቪዥን ከተነገረ ብዙም ሳይቆይ ይቺ ከተማ ለሁለት ተከፈለች ብላችሁ ታምናላችሁ? እመኑ እንጂ። እኛን አታውቁንም እንዴ!

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ሰው ሻይ ቤት ተቀምጦ ክርክሩን እያየ ይሳሳቅ ነበር። ውሎ አድሮ ሳቁ ቀረና ስድብ ተተካ። ባጃጅ ነጂዎች መስታወታቸው ላይ ፎቶ ለጠፉ፤ ሸዋንግዛውን የለጠፈው የነቢዩን ደጋፊ አይጭንም፣ ነቢዩን የለጠፈውም እንደዚያው። ከገበያ ሸክም ይዛ የምትመለስ ሴት ሳትቀር መጀመሪያ «የማን ነሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። አብሮ አደጎች መንገድ ላይ ሲተያዩ ማዶ ለማዶ መሄድ ጀመሩ። ስልክ ላይ የሚጻፈውንማ ተዉት፤ ፊት ለፊት ቢሆን አንዱንም ለመናገር የሚደፍር አልነበረም። አንድ ቀን በከተማዋ የሚያልፍ እንግዳ፣ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምንድን ነው የሚለያያቸው ብሎ ጠየቀ። ይሄማ የታወቀ ነው ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። የታወቀውን ነገር ግን የነገረው ሰው የለም።

በዚህች ከተማ አጥናፉና ይርዳው የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ አጥናፉ ሥጋ ቤት አለው፤ ታናሹ ይርዳው አስተማሪ ነው። እናታቸው እማማ አስካለ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። አጥናፉ መረቅ ያመጣል፣ ይርዳው ያገላብጣል፣ መድኃኒት ያስውጣል፤ እንዲህ ተጋግዘው ያስታምሙ ነበር። እማማ አስካለ መዳንን አልተመኙም፣ ዕድሜዬን ጠግቤአለሁ ይሉ ነበር። የሚመኙት ልጆቻቸው ጎን ለጎን ቆመው እንዲቀብሯቸው ብቻ ነው።

የቸገረው ነገር አጥናፉ ለሸዋንግዛው፣ ይርዳው ለነቢዩ በአንድ እግራቸው የቆሙ ደጋፊዎች መሆናቸው ነበር። አንደበተኞች ስለሆኑ ሁለቱም ወገኖች መሪ አደረጓቸው። ሰው ከኋላው ተሰልፎ ሲያጨበጭብለት ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ የእናታቸውን ቤት እንኳ በየተራ እየጠበቁ ይገቡ ጀመር።

ነገሩ ጫፍ የደረሰው በእድር ስብሰባ ላይ ነው። የከተማዋ እድር አንድ ትልቅ ድንኳን ነበረው፤ ሀብታሙም ድሃውም የተለቀሰለት እዚያ ድንኳን ሥር ነው። የመሀሉን ምሰሶ የሰጡት የወንድማማቾቹ አባት ነበሩ። እድሩ ሲመሠረት ግቢያቸው ውስጥ የነበረውን ጽድ ቆርጠው፣ ልጠው፣ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡት። የዚያን ቀን ስብሰባ የተጠራው የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮችን ስለማስጠገን ነበር። አንዱ ግን ወንበሩን የሰበሩት የነቢዩ ደጋፊዎች ናቸው አለ። ሌላው መለሰለት። ከዚያ ጉድ ፈላ።

አጥናፉ ተነሥቶ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ከእንግዲህ በአንድ ድንኳን ሥር አልቀመጥም አለ። ይርዳውም ማን ለመነህ አለው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ክንፉ ጠብ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዱላ ሲነሣ አዩና ደም ከሚፈስ ንብረቱን ተካፈሉ አሉ። ድስቱ ተከፈለ፣ ወንበሩ ተከፈለ። ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቶ ከአጥናፉ ሥጋ ቤት በመጣ ቢላዋ መሀል ለመሀል ተቀደደ። ምሰሶው ቀረ። ምሰሶው አንድ ነው።

«ልጆች፣ ይኼ እኮ አባታችሁ የሰጡት ነው» አሉ ጋሽ ክንፉ።

«ለዚያ ነዋ! ግማሹ የእኔ ነው» አለ አጥናፉ።

ይርዳው መጋዝ እንዲመጣ ጠየቀ። ከዚህ ውድድር በፊት ተሟግተው የማያውቁ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ምሰሶ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ የመጋዙን ጫፍ ይዘው ለሁለት ቆረጡት። አትሳቁ። በዚያን ሰዓት የሳቀ አልነበረም፤ ያጨበጨቡ ግን ብዙ ነበሩ።

የእድሩ ዕቃ ቤት ከእማማ አስካለ ግቢ ጀርባ ነው። አሮጊቷ የመጋዙን ድምፅ ከአልጋቸው ሆነው ሰሙት። ምን እየተቆረጠ እንደሆነ ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ጎረቤቲቱ መዋሸት አልሆነላትም። እማማ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። በማግስቱ ሁለቱንም ልጆቻቸውን አስጠሩ።

አጥናፉ ጠዋት መጣ። እናቱ እጁን ያዙትና ጠየቁት።

«ይኼ ሸዋንግዛው የምትለው ሰው ያውቅሃል?»

«እኔን? የት አውቆኝ።»

«እኔ ስሞት ለቀስተኛው የት ነው የሚቀመጠው?»

«በእኔ ድንኳን ነዋ፣ እማዬ። ለምን ታስቢያለሽ?»

ይርዳው ከሰዓት በኋላ ገባ። ይህንኑ ጠየቁት፤ ይህንኑ መለሰላቸው።

«ወንድምህም እንዲሁ ብሎኛል» አሉት እናቱ። «እኔ ግን ሁለት ጊዜ አልሞትም።»

ይርዳው ወጣና ግቢው በር ላይ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ወንድሙ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። አሁኑኑ ተሻግሬ ልጥራው፣ ይኼ ነገር ይብቃን ልበለው ብሎ አንድ እግሩን አነሣ። ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ዞር ሲል የእሱ ወገን ሰዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው እያዩት ነው። ከተሻገረ ማታውኑ ምን እንደሚሉት ያውቃል። ከሃዲ ይሉታል፣ ተገዛ ይሉታል። ያነሣውን እግር መለሰና ወደ ቤቱ ሄደ።

የፓርቲው ጉባኤ የሚያልቅበት ቀን ደረሰ። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ይነገራል ተባለ። ወጣቶች ዱላ ማዘጋጀታቸው ተሰማ፤ ባለሱቆች ከነጋ በራቸውን አልከፈቱም። በዚያው ጠዋት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። እማማ አስካለ ዐርፈዋል።

ጡሩምባ ነፊው በየበሩ እየቆመ ለቀብር ውጡ ይላል። አንዱ ቤት ደጃፍ ሲደርስ በሩ ሳይከፈት ከውስጥ ድምፅ መጣ፦

«ከየትኛው ወገን ነው የሞተው?»

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሞት ሲያረዳ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ሰምቶ አያውቅም። ጡሩምባውን ከአፉ አወረደ።

«እናት ናቸው» አለና ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ።

በቀብሩ ላይ ወንድማማቾቹ ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ለቅሷቸው እውነተኛ ነበር፤ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ከቀብር መልስ ግቢው ውስጥ ሁለት ግማሽ ድንኳኖች ፊት ለፊት ተተክለው ነበር። ምሰሶው ስለተቆረጠ ሸራው ከሰው ደረት ከፍ አይልም፤ ለቀስተኛ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። የተቀደደው ጎን ደግሞ ክፍት ነው። ዝናቡ መጣ። የነሐሴ ዝናብ ነው፣ የሚያባራ አይደለም። በክፍቱ በኩል እየገባ ሁለቱንም ወገን ያለ አድልዎ አበሰበሰ። ከዚህ ብገባ የዚህ ወገን እባላለሁ፣ ከዚያ ብገባ የዚያ ብለው የፈሩ ብዙ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ዝናብ ላይ ቆሙ። ንፍሮው ለማን በየት በኩል እንደሚዞር ግራ ገብቶ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ከአጥናፉ ሰዎች የአንዱ ስልክ ጮኸ። ሰውዬው አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን ለጎኑ ሰጠ፤ እሱም አይቶ ለሚቀጥለው አሳለፈ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ከዚያ ድንኳን ወጥቶ፣ በዝናቡ መሀል አልፎ፣ እነይርዳው ዘንድ ደረሰ። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ዋዜማውን ተስማምተው ኖሯል። አቶ ሸዋንግዛው ሊቀመንበር፣ ዶክተር ነቢዩ ምክትል። ፎቶው ላይ ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ አንዱ የሌላውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ያጨበጨበ የለም። የተሳደበም የለም። ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ በዋይታ ወደ ግቢው ገቡ። የእማማ አስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መርዶውን ሰምተው ከገጠር በጭቃ ተጉዘው መምጣታቸው ነው። እህቴን፣ እህቴን እያሉ እስከ ግቢው መሀል መጡና ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ዝናቡ ጋቢያቸው ላይ ይወርዳል።

«ሁለት ሰው ነው እንዴ የሞተው?» አሉ።

የእናታቸውን ቃል የሰማው ይርዳው ነበር፤ ግን ቀድሞ የተነሣው አጥናፉ ነው። ከድንኳኑ ወጣና የራሱን ግማሽ ምሰሶ ነቀለው። ይርዳውም የእሱን ነቅሎ መጣ። ሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ ለመግጠም ሞከሩ። አይቆምም። የተቆረጠ እንጨት በልመና አይገጥምም። አጥናፉ እንጨቱን ጣለና የሸራውን ቅዳጅ ጠርዝ ይዞ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ይርዳው የራሱን ጠርዝ ጎትቶ አምጥቶ ከወንድሙ እጅ ላይ አደረሰው። አጎታቸው በመካከላቸው ተቀመጡ። አጥር ሥር የነበሩትም አንድ በአንድ ገቡ።

ሰዎች እንተካችሁ አሏቸው። ሁለቱም እምቢ አሉ። እጃቸው እየዛለ፣ ውሃው በክንዳቸው እየወረደ ብብታቸው ውስጥ እየገባ ቆሙ። ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለወንድሙ፣

«ያን ቀን በር ላይ ቆሜ ላናግርህ ነበር» አለው።

«አይቼሃለሁ» አለ አጥናፉ። «እኔም ቢላዋዬን አስቀምጬ ልወጣ ነበር። ሰዎቼን ፈራሁ።»

እርቃቸውን እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሊያዩት ይችሉ ነበር፤ በመንገድ ስፋት ብቻ ርቆ ቀረ።

ድንኳኑ በኋላ ተሰፋ፤ አዲስ ምሰሶም ተገዛለት። ስፌቱ ግን እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል ይላሉ። ክረምት ላይ ለቅሶ ሲኖር ሰው ያንን ቦታ እየሸሸ ይቀመጣል። አጥናፉና ይርዳው ግን ሁልጊዜ ወንበራቸውን ራሳቸው ስበው እዚያው ጠብታው ሥር ይቀመጣሉ።

ወገኖቼ፣ ማን ይምራ ብሎ ማሰብ ነውር አይደለም። አንዱን መውደድ፣ ሌላውን መንቀፍም የሰው ወግ ነው። ነውሩ የእነሱን ወንበር ክርክር አምጥተን በራሳችን ድንኳን ላይ መጋዝ ማንሣታችን ነው። እነሱ ሲጨርሱ ይተቃቀፋሉ፤ ሥራቸው ነው። የእኛን ምሰሶ ሊጠግን የሚመጣ ግን ከመካከላቸው የለም። ደግሞም ልብ በሉ፤ ወንድማማቾቹን ያለያያቸው ጥላቻ ብቻ አልነበረም። ጥላቻው ከበረደ በኋላም ለያይቶ ያቆያቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው ዓይን ነበር።

እስቲ አሁን ይህን የምታነቡ፣ ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። በመንገዱ ማዶ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ማን ነው? እንዳትሻገሩ የፈራችሁትስ ማንን ነው?