የአቶ መንበሩ «አይ»

የአንድ ኮምፒውተር ድርጅት አለቃ አቶ መንበሩ፣ አንዲት የማብራሪያ ጸሐፊን በገዛ ጥፋታቸው ሊያባርሯት ተነሡ። ከርነል የሚሉት የኮምፒውተር እምብርት ሲሰናዳ፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ ሌላውንም ስለሚያሠራው ስለ እያንዳንዱ ክፍል «ይህ ይግባ ወይ?» እያለ ይጠይቃል፤ «አይ» የተባለው አይሠራም፤ በየጥያቄው ሥር ማብራሪያ የምትጽፈው እሷ ነበረች።

«ጽሑፉ ወጥ ይሁን! የሁሉም መደምደሚያ ‹ካልገባዎት አይ ይበሉ› የሚል ይሁን!» አሏት።

«የስክሪኑም ጌታዬ? የኪቦርዱም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወጥ አልኩ እኮ!»

እንዳሉት ጻፈች። አለቃው በእንግዶች ፊት ከርነሉን ራሳቸው ሊያሰናዱ ተቀመጡና ማብራሪያውን እያነበቡ ሁሉንም «አይ» አሉት። ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ኪቦርዱም ቢመቱት አልሰማ አለ።

«ማሽኑን ገደልሽው! ምን እንደሆነ ተናገሪ፣ አለዚያ ውጪልኝ!» ብለው አፈጠጡባት።

እሷም ረጋ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦ «ኧረ ምንም አልሆነ ጌታዬ፤ አንድ የገባዎት ነገር ቢኖር ኖሮ ይበራ ነበር።»