አያ ጅቦና ከሰማይ የወረደው ሞራ

አንድ ጊዜ፣ ከከተማው ዳር ባለው የእንስሳት ሰፈር፣ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል በረዶ ወረደላችሁ። ሲያባራ መንገዱም ቦዩም ነጭ ሆኗል። በጎች ከደጃቸው ወጥተው እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፣ ዶሮዎች እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጠፍቷቸዋል። የየቤቱ እሳትም በጣሪያ ሽንቁር በገባው በረዶ ድርግም ብሏል።

እትዬ አህዪት ጨነቃት። ትናንት የወለደቻት ውርንጭላ በብርድ ጆሮዋን መሸከም አቅቷታል። ከአያ ጅቦ ቤት ብቻ ጭስ ሲወጣ አየችና እሳት ልትጭር ገል ይዛ ሄደች።

አያ ጅቦ በረዶውን በአካፋ እየዛቀ ቤቱን ይሞላል።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አያ ጅቦ?»

«ሞራ ነዋ! ሰማዩ ሞራ ጣለልኝ!»

«ኧረ በረዶ ነው!»

«ቀምሼዋለሁ፤ ትንሽ ጥርስ ይጠዘጥዛል እንጂ ሞራማ ሞራ ነው።»

«ይሁንልህ። እባክህ እሳት ልጫር፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

«እሳት እሳት ትያለሽ፣ ዓይንሽ ሞራዬ ላይ ነው! ሂጂ!» ብሎ በሩን ጠረቀመባት።

እትዬ አህዪት ገሏን ታቅፋ ስታለቅስ እመት ቀበሮ ደረሰች። ነገሩን ሰማች፣ በአንድ ዓይኗ ጠቀሰቻትና በበሩ ቀዳዳ ጮኸች።

«አያ ጅቦ! ሞራና እሳት አንድ ቤት ይዘጋባቸዋል? ቀልጦ ሊያልቅልህ እኮ ነው፣ አንተ የዋህ!»

ጅቦ ዞር ቢል እውነትም ከክምሩ ሥር ውሃ ይንቆረቆራል።

«ኧረ ጉዴ ፈላ! አውጡልኝ! ፍሙን ሁሉ ውሰዱልኝ!»

«እንግዲህ ለጎረቤት ሲባል ምን ይደረጋል» አለች ቀበሮ፣ ሳቋን ውጣ።

ፍሙን ተሸክመው እትዬ አህዪት ቤት አነደዱት። ውርንጭላዋ ሞቃት፤ ጆሮዋ ቀና፣ ጡትም ያዘች። ጎረቤቱም ሁሉ ከዚያው እየጫረ ወሰደ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ… እሳት ልጫር ብዬ።»

አያ ጅቦ በስብሶ ቆሟል፣ ገል ይዟል። ሁሌም የምትፈራቸው ጥርሶቹ በብርድ ይንገጫገጫሉ። እትዬ አህዪት ልጇን አየች፣ ጥርሶቹን አየች፣ አንጀቷ አልቻለም።

«ቤትህ ኩሬ ሆኖ እሳቱን የት ልታነደው ነው? ና ግባ፤ እሳቱስ ያንተው አይደል? ብቻ ከማዶ ተቀመጥ። እመት ቀበሮ፣ አንቺ መሃል ግቢ!»

አያ ጅቦ ጥግ ይዞ ሞቀ። ሞቅ ሲለው ተነፈሰና «ሞራው ግን ምነው ጨው እንኳ ነስንሼበት ቢሆን፣ ይቆይልኝ ነበር» አለ። ውርንጭላዋ ሳትቀር ሳቀች።

ከዚህ የምንማረው፣ ፍም ለጎረቤት ቢጫር እንደማያልቅ፣ ለብቻ የታቀፉት ግን እቅፍ ውስጥ ቀልጦ እንደሚቀር ነው።