የሚያንጠባጥብ ሸክላ

በአንድ ወቅት አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብር የሚያወጣ ዱቄት በየዓመቱ ከአንድ የዘይት ፋብሪካ እየወጣ ወንዝ ይገባ ነበር። ስድስት መቶ ኪሎ ነው፤ ኪሎው ሦስት ሺህ ብር። ቁጥሩን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ኋላ ስትከራከሩ በግምት እንዳትናገሩ ነው።

ፋብሪካው ወሎ ውስጥ፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ይገኛል። ባለቤቱ ሐጂ አራጋው በአንዲት የኑግ መጭመቂያ ተነስተው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ፈሳሽ ዘይት ተቀብሎ የሚረጋ ዘይት ያደርጋል። ዘይት ግን እንዲሁ አይረጋም፤ በጋለ ጋን ውስጥ ከሃይድሮጂን ጋዝ ጋር የሚያዋህደው የኒኬል ዱቄት ያስፈልገዋል። ዱቄቱ እንደ አገር ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱን ያጋባል እንጂ ራሱ አያገባም። ሥራውን ሲጨርስ እንደገባ ይወጣል፣ ለሌላ ጊዜም ያገለግላል። ችግሩ መልሶ መያዙ ላይ ነበር። በጨርቅ ቢያጠሉት የደቀቀው ዱቄት ያልፋል፣ ጨርቁም በትኩሱ ዘይት ይበላል። ያለፈውን ዱቄት ከዘይቱ አጥበው ያስወጡታል፤ እጣቢውም ወንዝ ይገባል። ከታች ያሉ ገበሬዎች ከብት ማጠጣት ትተው ነበር።

አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ማጣሪያ አመጣለሁ ብሎ አራት ሚሊዮን ብር ጠየቀ። ሐጂ ሊከፍሉ ሲሉ በፋብሪካው ቤተ ሙከራ የሚሠራው እንድሪስ ቢሯቸው ገባ።

«ሐጂ፣ ሠላሳ ቀን ይስጡኝ። ሰውየው የሚያመጣው የተተኮሰ ሸክላ ነው። ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ ዘይቱን ያሳልፋል፣ ዱቄቱን ያስቀራል። እኛ ቤት ደግሞ ሸክላ ሠሪ አለ።»

«ካልሆነስ?»

«ሥራዬን እለቃለሁ።»

«ከሆነ» አሉ ሐጂ፣ «ማጣሪያውን ላስገኘልኝ ሰው አጥሬ ሥር ምድጃ ያለው ወርክሾፕ እሠራለታለሁ። በሩ ላይ ስሙን አጽፋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ከእሱ ብቻ እገዛለሁ። ግን አንድ ስም ነው። ሦስት ባለቤት ያለው ምድጃ አመዱን የሚጠርግለት የለም።»

ይህ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በዚያ አገር ሰው የሸክላ ሠሪን ድስት ይገዛል እንጂ ስሟን አይጠይቅም። የሸክላ ሠሪ ስም በር ላይ ተጽፎ ያየ ሰው አልነበረም።

የእንድሪስ ታላቅ እህት ዘሀራ ናት፤ የእናቷን ሙያ የያዘችው እሷ ነች። ጭቃውን ሦስት ቀን ረገጠች። የጤፍ ገለባ ወቅጣ በሻሽ ነፋች፤ ለሦስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገለባ ለወሰች። እንዲህ ያለ ጭቃ ለድስት አይሆንም፤ እሳት ውስጥ ገለባው ይቃጠልና ቦታውን ባዶ ትቶ ይሄዳል። እሷ የፈለገችውም ባዶውን ቦታ ነው። ክንድ የሚያህሉ፣ አንድ ጫፋቸው የተደፈነ ሃያ አራት ቱቦዎች ሠርታ፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ተኩሳ፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ፋብሪካ አደረሰች።

ፓምፑ ተነሳ። የግፊት መለኪያው ወጣ፣ ደግሞ ወጣ። ዘይት ግን ጠብ አላለም። ሁለቱ ቱቦዎች ግፊቱን አልቻሉም፤ ጥግ ጥጋቸው ተሰነጠቀ።

«ይኼማ እርጎ ቢገፉበት ይሻላል» አለ አንዱ ሠራተኛ።

ዘሀራ ቀና ብላ፣ «ከእኛ ቤት የሚያንጠባጥብ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም» አለች።

እንድሪስ አንዱን ቱቦ አንስቶ አፍንጫው ላይ አደረገ። «እትዬ፣ ይኼ ጎመን ዘር ጎመን ዘር ይላል። አሟሽተሽዋል?»

«አዎ፤ ያልተሟሸ ዕቃ ለሰው ይሰጣል እንዴ?»

እውነቷን ነው። እናታቸው ያልተሟሸ ድስት ገበያ ብታወጣ ኖሮ ነውር ነበር። ዘሀራም ቱቦዎቹን በጎመን ዘር አሽታ፣ በእሳት አሙቃ፣ ስንት ቀን የደከመችበትን ቀዳዳ በገዛ እጇ ደፍናዋለች።

«ዛሬ የሚያንጠባጥበውን ነው የምንፈልገው» አላት እንድሪስ። «ቅባቱ እንዲነድ እንደገና ይተኮስ። እንዳይሰነጠቅም እሳቱ ከሜዳው እሳት ይበርታ። የተዘጋ የጡብ ምድጃ ያስፈልገናል።»

ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ጡብ ይፈጅ ነበር። ጡብ ሻጩ ሦስት ሳምንት ጠብቁ አለ። የቀራቸው አሥራ ሁለት ቀን ነው።

ታናሽ ወንድማቸው ይመር ግንበኛ ነው። ሊያገባ ወር ቀርቶት የጡብ ቤት ሠርቶ ጨርሷል። ነገሩን ሲሰማ ዲጂኖውን አንስቶ የቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ አብደሃል?» አለችው ዘሀራ።

«ጡቡ መልሶ ይገዛል እትዬ። ቀን የሚሸጥበት ሱቅ ግን የለም።»

ሦስት ቀን አፈረሰ፣ አራት ቀን ገነባ፣ ሁለት ቀን ከምድጃው አፍ ሳይለይ እሳቱን መገበ፣ ሁለት ቀን እስኪበርድ ጠበቀ። አሥራ አንድ። አንዲት ቀን ተረፈች። የእጮኛው አባት ግን ፍርስራሹን አይተው፣ «ልጄን ለምድጃ አልዳርኩም» ብለው ሠርጉን በዓመት አዘገዩት።

ከገቡት ሃያ ሁለት ቱቦዎች ሦስቱ ተሰብረው አሥራ ዘጠኙ ደህና ወጡ። በሠላሳኛው ቀን ዘይቱ ከታች ጠርቶ ወረደ፤ በብርጭቆ አድርገው በፀሐይ ቢያዩት አንዲት ቅንጣት አልነበረችበትም። ሰዓት ሳይሞላ ግን የዘይቱ አወራረድ ቀነሰ። ዱቄቱ ቱቦዎቹ ላይ ተለጥፎ መንገዱን ዘግቶታል። ሐጂ ስልካቸውን አወጡ፤ ለነጋዴው ሊደውሉ ነው። እንድሪስ ሳያስፈቅዳቸው ቧንቧውን ፈትቶ አዞረውና የጠራውን ዘይት ከተቃራኒው በኩል ወደ ቱቦዎቹ ገፋ። ዱቄቱ እንደ ጭቃ እየተላጠ ከጋኑ ሥር ተከማቸ። መዘኑት፤ ከገባው አሥር ኪሎ ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ተመለሰ።

ነጋዴው ሲመጣ ቱቦውን በእጁ እያገላበጠ የት እንደተገዛ ጠየቀ።

«አልተገዛም» አሉ ሐጂ። «ከዚያ ከሚታይህ ኮረብታ ሥር የተዛቀ ጭቃ ነው።» ያን ዕለት የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ዋለ፤ «እርጎ ቢገፉበት» ያለውም ጭምር።

ከዚያ ሐጂ ሦስቱን ጠሩ። «የማንን ስም ላጽፍ?»

ዘሀራ፣ «ወንድሞቼ ደክመዋል፣ አልክድም። ግን የእኔ ጭቃ ባይኖር ይመር ምን ሊተኩስ ነበር? እንድሪስስ ምን ሊያሸት ነበር?» አለች።

እንድሪስ፣ «ቀኑን የጠየቅኩ እኔ፣ ስህተቱን ያገኘሁ እኔ፣ ቧንቧውን ያዞርኩ እኔ። እኔ ባልኖር ሃያ አራት የማያፈስ ገንቦ ነበረን» አለ።

ይመር፣ «እኔ ስለ ቀዳዳ የማውቀው የለም። ግን ሥራው ሲያልቅ እናንተ ሁለታችሁ የገባችሁት ቤታችሁ ነው» አለ።

ሰፈሩ በሦስት ተከፈለ። የዘሀራን ሐሳብ የማይቀበሉ፣ ሥራውን ልታበላሸው የነበረችው ራሷ ናት ይላሉ። እንድሪስን የማይመርጡ፣ እሱ ለማሰብ ደመወዝ ይከፈለው የለም ወይ ይላሉ፤ ሥራውን ማስያዙን ግን ይረሱታል። ይመርን የማይመርጡ፣ ጡብና ድፍረት የትም አለ ይላሉ፤ እነዚህን ቤታቸውን እንዲያፈርሱ የጠየቃቸው የለም።

አንድ ዓመት አለፈ። ሒሳቡን ልንገራችሁ። ፋብሪካው ስድስት መቶ ኪሎ ይፈጅ የነበረው አሁን አንድ መቶ አሥር ኪሎ በቃው፤ ትርፉ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሰባ ሺህ ብር ነው። ያልተከፈለው አራት ሚሊዮን ለብቻው ይቆጠር። ከብቶቹ ወንዙ ላይ መጠጣት ጀምረዋል፤ እሱን በብር አላውቀውም። በኪሳራ በኩል፦ ዘሀራ አራት የገበያ ቀንና አምስት ቱቦ፤ ይመር አንድ ቤትና አንድ ዓመት ትዳር። እንድሪስ አንድም አልጎደለበትም፤ ሊጎድልበት የነበረው ግን እንጀራው ነው።

ወርክሾፑ ተሠርቶ አልቋል። በሩ ላይ ያለው ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ባዶውን ተሰቅሏል፤ ጸሐፊውም ብሩሹን ይዞ መሰላሉ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ የማንን ስም ታስጽፉ ነበር?