አያ ጅቦና የማያመው ጥርስ

አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ጥርስ የምታይ ጦጣ ነበረች። ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ ከትልቁ ሾላ ሥር ትቀመጣለች፤ እንስሳቱም ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍቱላታል። አንበሳ እንኳ ጌትነቱን ትቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር። አያ ጅቦ ብቻ ሄዶ አያውቅም።

አህያ ታይታ ስትመለስ ከወንዙ ማዶ ሆና ጠየቀችው። ቀረብ ብላ ማውራቱን አልደፈረችም።

«አያ ጅቦ፣ አንተስ አትታይም?»

«ምኔን ነው የምታየው? አሞኛል አልኩሽ?»

«እኔስ መች አመመኝ? ሣር እየበላሁ እንኳ እታያለሁ።»

«ሣር የሚበላ ይታይ! እኔ የበሬ ቅልጥም እንደ ሽንብራ ቆሎ የምቆረጥም ነኝ» አለና ጥርሱን ሊያሳያት አፉን ከፈተ። አህያ ግን አቧራዋን አስነስታ ጠፋች።

አያ ጅቦ የኮራው በከንቱ አልነበረም። ሦስት ልጆች አሉት። ጥርሳቸው ገና ስላልጠነከረ አጥንቱን የሚሰብርላቸው እሱ ነው፤ እነሱ መቅኒውን ይልሳሉ። አጥንቱ ሲሰበር ልጆቹ በደስታ ይዘላሉ። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን ቅልጥም ሲሰብር ስንጥር አጥንት በመንጋጋ ጥርሱ ሥር ገባ። ብዙም ስላላመመው «ራሱ ይወጣል» ብሎ ተወው። ስንጥሩ ግን ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት አያ ጅቦ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ ተነሣ።

ቀበሮ ይህን ሰምታ ልትጠይቀው መጣች።

«እኔን ያርገኝ፣ አያ ጅቦ! ምነው እንዲህ ሆንክ?»

«ጥርሴ ነው፣ እመት ቀበሮ። ጦጢት ዘንድ ሳልሄድ አልቀርም።»

«እንዳታደርገው! አንዱን አያለሁ ብላ ሁሉንም ነው የምትነቅለው። ይልቅ ዝም ብለህ ተኛ። እስኪሻልህ ሥጋህን እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

ደግነቷ ልቡን ነካው። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!» አላት። ቀበሮም ሥጋውን በደንብ ጠበቀችው፤ ሆዷ ውስጥ አስገብታ። በሦስተኛው ቀን የቀረው አጥንቱ ብቻ ነበር።

ትንሿ ልጁ አጥንቱን እየጎተተች አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችው።

«አባዬ፣ ዛሬም አትሰብርልንም?»

ሞከረ። ሕመሙ እስከ ጆሮው ዘለቀና አጥንቱ ከአፉ ወደቀ። ልጅቷ አላለቀሰችም። «ግድ የለም አባዬ፣ ላዩን እልሰዋለሁ» አለችና ደረቁን አጥንት መላስ ጀመረች። አያ ጅቦ ይህን ማየት አልቻለም። «ብትነቅልም ትንቀል!» ብሎ ተነሣ።

ጦጢት ስታየው ዘላ ሾላው ጫፍ ላይ ወጣች።

«እጄን አፍህ ውስጥ ካስገባሁ ተመልሶ ይወጣል?»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ፈልጎ፣ አፉ እንዳይዘጋ በመንጋጎቹ መሃል አቁሞ ቁጭ አለ። ጦጢት ሳቋ መጣና ወረደች።

«ስንጥር ገብቶ ነው። ያኔ ብትመጣ በጥፍሬ ባወጣሁት ነበር። አሁን ጥርሱ ተበላሽቷል፤ መነቀል አለበት።»

«አአ!» አለ አያ ጅቦ። እሺ ማለቱ ነበር።

ጥርሱ ተነቀለ። አያ ጅቦ እንባውን ሳይጠርግ ጦጢት አጠገቡ ያለውን ጥርስ መነካካት ስትጀምር ግን እንጨቱን ከአፉ አወጣ።

«እሱ እኮ አያመኝም!»

«አውቃለሁ። ጥቁር ነጥብ ጀምሮታል። አሁን ካጸዳሁት ይድናል፤ እስኪያምህ ከጠበቅን ግን ይሄም ይሄዳል። በል እንጨቱን መልስ።»

መለሰ። ድዱ ሲድን፣ ለልጆቹ አጥንት የሰበረላቸው በዚያው በዳነው ጥርስ ነበር። ቀበሮንም «አመሰግናለሁ እመት ቀበሮ፣ ከእንግዲህ ሥጋዬን እኔው እጠብቀዋለሁ» ብሎ በክብር ሸኛት።

ክረምቱ ሲወጣ አያ ጅቦ ሦስቱን ልጆቹን አስከትሎ ሾላው ሥር ደረሰ። ሰልፈኛው ሁሉ ስላያቸው ብን ብሎ ጠፋ፤ እነሱም አንደኛ ሆኑ።

«አባዬ፣ ምንም ሳያመኝ አፌን ለምን እከፍታለሁ?» አለች ትንሿ።

«እንዳያምሽ ነዋ!» አላት በጎደለው ጥርሱ በኩል ነፋስ እያፏጨ። «በይ ክፈቺ፣ የኔ ቆንጆ። እጇን እንዳትነክሻት ብቻ!»

ከዚህ የምንማረው ጥርስን ሳያም በየጊዜው ማሳየት ካመመ በኋላ ከመሮጥ እንደሚሻል ነው።