ጋሽ ምንዳዬ ክንዳቸውን የለኩ ዕለት

ከወፍጮ ሰፈር ሰው አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። አማት የምራቷን ሙያ ስታቃልል፣ ጎረቤት በጎረቤቱ ልጅ ላይ ሲፈርድ፣ አንዱ ይነሳና ጣል ያደርጋታል፤ ተናጋሪውም ወሬውን ይቀይራል። የሌላ ሰፈር ሰው ከጥንት ከአባቶች የወረደች ይመስለዋል። የምን ጥንት! ቆርቆሮው ገና ባልዛገ የእድር አዳራሽ ውስጥ ነው የተወለደችው፤ ሰበቡም አናጢው ጋሽ ምንዳዬ ናቸው።

ጋሽ ምንዳዬ አርባ ዓመት ሙሉ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁመታቸው መለሎ ነው፤ ክንዳቸውማ ጉድ ነው። ድሮ ጋቢና ቡልኮ በክንድ እየተለካ ሲሸጥ፣ ገበያ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ እሳቸው ቤት ጎራ ብሎ «ምንዳዬ፣ እባክህ ክንድህን ይዘህልኝ ና» ይላቸው ነበር። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፊታቸው ይጠቁራል። እሳቸውም በዚህ ክንዳቸው ይኮሩ ነበር፣ ምን ይደረግ። ሜትር የሚባል ነገር በኪሳቸው ይዘው አያውቁም። ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ ይለካሉ፣ በዚያው ይቆርጣሉ፣ እንጨቱም ቦታው ላይ ልክክ ይላል።

ታዲያ ዕድሜ ደግ አይደለምና ጉልበታቸው ከዳቸው። መሰላል ላይ ሁለት ጊዜ ሲንገዳገዱ ያዩዋቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ዳግመኛ ጣሪያ እንዳይወጡ አስማሏቸው። ጣሪያ የማይወጣ አናጢ ምን ይሠራል? ደጃፍ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን መቁጠር ለጋሽ ምንዳዬ ከሞት አይተናነስም። በዚህ መሃል ከገበያው ጀርባ ያለው የሙያ ማሠልጠኛ ለጀማሪዎች የቤት ፕላን አሳሳል ሊያስተምር ነው ሲባል ሰሙ። ፕላን የሚስል ሰው መሰላል አይወጣም። ተቀምጦ ይስላል፣ ሌላው በሱ ወረቀት ይቆርጣል። ሙያዬን ይዤ የምቆየው በዚህ ብቻ ነው ብለው ተመዘገቡ።

ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ ትልቁ እሳቸው ነበሩ፤ መምህርቷ ትርሲት ደግሞ ከመጨረሻ ልጃቸው ታንሳለች። የመጀመሪያ ዕለት ስለ ስኬል አስተማረቻቸው። ቤት እንዳለ ወረቀት ላይ አይሰፍርም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር እኩል እየተመጠነ ያንሳል። አንድ ለሃምሳ ከተባለ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ነው። ጋሽ ምንዳዬ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። ግማሽ ሜትርማ ክንድ ነው፤ ሁለት ክንድ አንድ ሜትር መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? እንግዲያው አንድ ክንድ ለአንድ ሴንቲ ሜትር፣ አለቀ። ይሄን ነው እንዴ አራት ወር የሚያስተምሩት ብለው በልባቸው ሳቁ።

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል ትርሲት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ እውነተኛ ቤት ለክቶ እንዲስል አዘዘች፤ በሜትር ለኩ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ አረጋግጡ ብላ። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ እድር የአዳራሹን ጣሪያ ሊቀይር እንጨት አከማችቶ ነበር። ጸሐፊው ፕላኑን ከከተማ ባለሙያ እናስመጣ ሲል፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደየስ ግን ምንዳዬ እየተማረ አይደለም ወይ አሉ። ይሳለው፣ በሱ ይቆረጥ፤ ከሰመረ ከእንግዲህ የሰፈሩ ፕላን ሁሉ የሱ ነው፤ ካልሰመረ ግን ይረፍ፣ እኛም አናስቸግረው። ጋሽ ምንዳዬ ያን ዕለት ማታ እራት በቅጡ አልበሉም።

በማግስቱ አዳራሹን ሊለኩ ሄዱ። ትርሲት የሰጠቻቸው ሜትር ከቦርሳው አልወጣም። በዘመናቸው ሁሉ ያልከዳቸው ክንድ እያለ ሜትር መጎተት ለእሳቸው ነውር ነበር። በግድግዳው ሥር እየተንፏቀቁ ለኩ። ርዝመቱ ሃያ አራት ክንድ፣ ወርዱ አሥር ክንድ ሆነ። በሩንና መስኮቶቹንም እንደዚያው ለክተው ሲስሉት፣ መቼም ስዕሉ ዓይን ያጠግባል፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጥጉ ንጹሕ። ከሥሩ «12 ሜትር በ5 ሜትር፣ ስኬል አንድ ለሃምሳ» ብለው ጻፉበት። ትርሲት አገላብጣ አየችውና በሜትር ለክተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ፣ እኔ ቤት ስለካ አንቺ አልተወለድሽም» አሏት።

እሷም እንጨቱ የሚቆረጥ ዕለት እንደምትመጣ ብቻ ነግራቸው ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ሰው አዳራሹ ግቢ ተሰበሰበ። ቆራጩ ታረቀኝ ነው፤ ሙያውን የተማረው ከጋሽ ምንዳዬ ነው፣ አሁን ግን ባለ ሜትር ሆኗል። ከወረቀቱ ላይ የወርዱን አምስት ሜትር አነበበ፤ በሁለቱም ግድግዳ ላይ ለሚያርፈው ጫፍ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ጨመረና የመጀመሪያውን የጣሪያ አግዳሚ ቆረጠ። እሱ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ሁለት ሰዎች ወደ ላይ አነሱለት። አንዱ ጫፍ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሌላው ጫፍ ግን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ግማሽ ሜትር ያህል ቀርቶት አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ታረቀኝ ከላይ ሆኖ ግድግዳው ሸሸ እንዴ ጋሼ ብሎ ሳቀ። ጸሐፊው ደግሞ ከከተማ ይምጣ አላልኩም ወይ እያለ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ጋሽ ምንዳዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ሄደው ወርዱን እንደገና በክንዳቸው ለኩት፤ አሥር፣ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ቆራጩ ነው ያበላሸው የሚለው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ታረቀኝን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ አቆራረጡን ያውቁታል። በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን አወጡት።

«ጥፋቱ የታረቀኝ አይደለም። በሜትር ለኩ ተብዬ በክንዴ ነው የለካሁት።»

ያኔ ነው ትርሲት ከሰዉ መሃል የወጣችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሜትሩን ዘረጋችና ሰጠቻቸው። «ጋሽ ምንዳዬ፣ እስቲ ክንድዎን ይለኩት» አለች።

ክንዳቸውን ወደ መሬት በወረደው አጭር አግዳሚ ላይ አጋደሙ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ሰው የገዛ ክንዱን ሲለካ ማን አይቶ ያውቃል? አቶ ወልደየስ ብቻ በከዘራቸው ተደግፈው የሚስቀውን ሰው ይመለከታሉ። ጋሽ ምንዳዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ። ሃምሳ ስድስት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሃምሳ ነው ሲሉት የኖሩት ክንድ ሃምሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነበር።

ትርሲት በሩንም መስኮቱንም በዚሁ ክንድ ለክተው እንደሆነ ጠየቀች። ሁሉንም በዚሁ አሏት፣ አንገታቸውን እንደደፉ።

«እንግዲያው ስዕሉ አልተበላሸም» አለች። «ቤቱ እንዳለ ወረቀቱ ላይ አለ። የተሳሳተው ከሥር የጻፉት ቁጥር ነው፤ አንድ ለሃምሳ ሳይሆን አንድ ለሃምሳ ስድስት ነው የሳሉት። እስከ ዛሬ ክንድዎ ያልከዳዎት የሚለኩትም የሚቆርጡትም እርስዎ ስለሆኑ ነው። አሁን ግን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ነው።»

ጋሽ ምንዳዬ አንዲት ጉማጅ ላይ ቁጭ አሉና በእርሳስ ያሰሉ ጀመር። አሥር ጊዜ ሃምሳ ስድስት፣ አምስት ሜትር ከስልሳ። ሃያ አራት ጊዜ ሃምሳ ስድስት፣ አሥራ ሦስት ሜትር ከአርባ አራት። ታረቀኝ ሜትሩን ይዞ ወርዱን ከግድግዳ ግድግዳ ለካና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አምስት ሜትር ከስልሳ ነው አለ። ጸሐፊው እንኳ ወረቀቱን ተቀብሎ ዳግመኛ አየው። ጋሽ ምንዳዬ እፎይ አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፣ ለምን ይዋሻል።

አቶ ወልደየስ አንድ ሳምንት ጨመሩላቸው። ጋሽ ምንዳዬም አዳራሹን በሜትር፣ ቁጥሩን ሁለት ሁለት ጊዜ እያረጋገጡ ለክተው በእውነተኛው አንድ ለሃምሳ እንደገና ሳሉት። ወረቀቱን ሲያስረክቡ «መምህርት፣ እስቲ እዪልኝ» አሉ፤ ልጄ አላሉም። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ አለቀ። ያ አጭር አግዳሚም አልተጣለም፣ የዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ሆነ።

በአዲሱ ጣሪያ ሥር የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ሁለት ጎረቤቶች ቤት እንዲስሉላቸው ጋሽ ምንዳዬን በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር። ታረቀኝ ደግሞ ለአዳራሹ ወንበር ሊሠራ ታዞ፣ ሜትሩን ቤቱ ረስቶ ኖሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ግድግዳውን በአጭሯ ክንዱ መለካት ጀመረ። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ አቶ ወልደየስ ከዘራቸውን ከፊቱ ጋረጡበትና፣ ጉባኤው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሉት፦ «ቆይ አንተ፣ ያን ዕለት ስትስቅ አይቼሃለሁ፤ በክንድህ ከመለካትህ በፊት፣ ክንድህን ለካ።»